«በሲኦል አናምንም» እያሉ ለ11 ወር የሚጸልዩት ለምንድን ነው? የአይሁድ እምነት ከሞት በኋላ ስላለው ሕይወት

ጥያቄ፦ «አሜሪካ ውስጥ አረጋውያንን በመንከባከብ ሥራ የምተዳደር የተዋሕዶ ልጅ ነኝ። ለረጅም ጊዜ ስንከባከባቸው የነበሩ አይሁዳዊት እናት ዐርፈው ትናንት ተቀበሩ። ሴት ልጃቸው ‹እኛ በሲኦል አናምንም› አለችኝ። ወንድሟ ግን ለ11 ወር በየቀኑ ምኩራብ እየሄደ ለእናቱ ሊጸልይ ነው። ሲኦል ከሌለ ጸሎቱ ለምን ያስፈልጋል? ከእኛ ፍትሐትና ተዝካር፣ ከሙስሊሞቹስ እምነት በምን ይለያል? ለቅሶ ስደርስስ ምን ማለት አለብኝ?»

ምላሽ፦

ልጅቷም ወንድሟም አልተሳሳቱም። የአይሁድ እምነት ከሞት በኋላ ስላለው ነገር አጥብቆ የያዘው ሁለት ነገር ነው፤ ሙታን ይነሣሉ፣ ሰውም የሥራውን ያገኛል። ነፍስ እስከዚያ የት ትቆያለች፣ ቅጣቱ ምን ይመስላል፣ በሚመጣው ዓለም ሥጋ ይኖራል ወይስ አይኖርም የሚለው ግን ሊቃውንቱ ለሁለት ሺህ ዓመት ያህል ሲከራከሩበት የኖሩት ጉዳይ ነው፤ ክርክሩም እስከ ዛሬ አልተዘጋም። ሕያዋን ለሞተው ሰው ማድረግ ያለባቸው ግን በቀንና በሰዓት ተለክቶ ተቀምጧል። ስለዚህ አንድን አይሁዳዊ «ከሞት በኋላ ምን አለ ብለህ ታምናለህ?» ቢሉት ሊያመነታ ይችላል፤ «እናትህ ሲሞቱ ምን ታደርጋለህ?» ቢሉት ግን አንድ በአንድ ይነግርዎታል።

ከ11ዱ ወር እንጀምር፤ የጥያቄዎ መልስ ግማሹ እዚያ ውስጥ ነው።

በ200 ዓ.ም. አካባቢ በረቢ ይሁዳ ሐናሲ የተሰበሰበው የቃል ሕግ፣ ሚሽና፣ ኤዱዮት በተባለው ክፍሉ የረቢ ዓቂባን ቃል ይዟል፤ የክፉዎች ፍርድ በጌሂኖም 12 ወር ነው ይላል። ጌሂኖም እኛ ገሃነም የምንለው ነው። እዚያው ላይ ረቢ ዮሐናን ቤን ኑሪ አይደለም፣ ከፋሲካ እስከ በዓለ ሰዊት ያለውን ያህል ብቻ ነው ይላል፤ ሰባት ሳምንት ማለት ነው። በሕዝቡ ዘንድ የጸናው ግን የዓቂባ ቁጥር ነው። ሚሽናን የሚያብራራው የረቢዎች ትልቅ መጽሐፍ ታልሙድ ደግሞ ሰውን በሦስት ይከፍላል፤ ፍጹም ጻድቅ፣ ፍጹም ክፉ፣ መካከለኛ። ከሁለቱ ተከራካሪ የረቢዎች ትምህርት ቤቶች የሻማይ ቤት መካከለኛው ወደ ጌሂኖም ወርዶ፣ ጮኾ፣ ነጽቶ ይወጣል ሲል፣ የሂሌል ቤት ደግሞ ምሕረቱ የበዛ አምላክ ሚዛኑን ወደ ምሕረት ያጋድላል ይላል። ከ12 ወር በላይ የሚቀጡ በጣም ጥቂት ናቸው፤ ከሃዲዎች፣ ሕዝብን ያሳቱ፣ እነዚህን የመሰሉ። ለተራው ኃጢአተኛ ጌሂኖም የሚታጠብበት እንጂ የሚኖርበት ቦታ አይደለም።

በመካከለኛው ዘመን፣ በተለይ በጀርመን ምድር በነበሩ አይሁድ ዘንድ፣ ልጅ ለሞቱ ወላጆቹ ቃዲሽ የሚባለውን ጸሎት የማድረስ ልማድ ተስፋፋ። እዚህ ላይ ችግር መጣ። 12 ወር የሚቆየው ቅጣት ለክፉ ሰው ከሆነ፣ 12 ወር ሙሉ የሚጸልይ ልጅ «እናቴ ክፉ ነበረች» ብሎ በአደባባይ እንደመሰከረ ይቆጠራል። ስለዚህ አንድ ወር ተቀነሰ። የክራኮቩ ረቢ ሞሼ ኢሰርሌስ በ16ኛው መቶ ዘመን ይህን ልማድ በሕግ መጽሐፍ አሰፈሩት፤ ከዚያ ወዲህ 11 ወር ሆነ። ከሴፋርዲም፣ ዘራቸው ከስፔን ከሚመዘዝ አይሁድ፣ አንዳንዶቹ በሌላ መንገድ ያንኑ ያደርጋሉ፤ በ12ኛው ወር መጀመሪያ ለአንድ ሳምንት አቋርጠው እንደገና ይቀጥላሉ። ወንድሟ የሚቆጥረው 11 ወር እንግዲህ የእናቱ ክብር ነው። 11 ወሩ ለወላጅ ብቻ ነው፤ ለባል ወይም ለሚስት፣ ለወንድም፣ ለእኅት፣ ለልጅ ሐዘኑ 30 ቀን ነው።

ቃዲሽን የሰማ ሰው የሚገርመው ሌላ ነገር አለ። አብዛኛው በአራማይክ የተጻፈው ይህ ጸሎት ስለ ሞት አንዲት ቃል የለበትም። የሟች ስም አይጠራበትም፣ ይቅርታ አይለመንበትም፣ ገነት አይጠቀስበትም። «ታላቅ ስሙ ከፍ ከፍ ይበል፣ ይቀደስም» ብሎ ይጀምራል፤ ጉባኤው «አሜን፣ ታላቅ ስሙ ለዘላለም የተባረከ ይሁን» ብሎ ይመልሳል። ጥቅሙ ያለው በዚህ መልስ ነው። በወላጅ ሞት ልቡ የተሰበረ ሰው በሕዝብ ፊት ቆሞ እግዚአብሔርን ሲያመሰግንና ሌላውን ሲያስመሰግን፣ ያንን ልጅ ያሳደጉት እናት ናቸውና ዋጋው ለእናቱ ይጻፋል። ለዚህም ነው ብቻውን ቤቱ ሊለው የማይችለው፤ ቢያንስ አሥር ሰው መሰብሰብ አለበት። ሕጉን አጥብቀው በሚጠብቁት፣ ኦርቶዶክስ በሚባሉት አይሁድ፣ አሥሩ ለአቅመ አዳም የደረሱ ወንዶች ናቸው፤ ሌሎቹ ሴቶችንም ይቆጥራሉ፣ ሴት ልጅም ቃዲሽ ትላለች። ረቢ ግን የግድ አያስፈልግም።

«በኦሪት ገነትና ሲኦል የለም» ሲባል ሰምተው ይሆናል። ግማሹ እውነት ነው። በአምስቱ የሙሴ መጻሕፍት በረከቱ ዝናብ፣ እህል፣ ልጅ፣ ረጅም ዕድሜ ነው፤ መርገሙም ረሃብ፣ ቸነፈር፣ ስደት ነው። ከሞት በኋላ ሁሉም የሚወርድበት አንድ ጨለማ ቦታ አለ፤ ሲኦል። የአማርኛ አንባቢ ሲኦል ሲባል ወዲያው ቅጣት ስለሚታየው እዚህ ላይ ይሳሳታል። በዕብራይስጡ ያዕቆብ ስለ ዮሴፍ ሲያለቅስ «ወደ ልጄ ወደ ሲኦል እወርዳለሁ» ይላል፤ ያዕቆብም ዮሴፍም ኃጥኣን አልነበሩም። በ1ኛ ሳሙኤል 28 ላይ ሳኦል መናፍስት ጠሪዋን ይዞ ሳሙኤልን ከታች ሲያስነሣ፣ ነቢዩ «ነገ አንተና ልጆችህ ከእኔ ጋር ትሆናላችሁ» ይለዋል። ነቢዩም እግዚአብሔር የተወው ንጉሥም የሚገናኙት አንድ ቦታ ነው። መክብብ 9፥5 ደግሞ ሙታን አንዳች አያውቁም ይላል።

ጻድቁንና ኃጥኡን ከሞት በኋላ ለይተው ከሚያስቀምጡ የአይሁድ ጽሑፎች ቀደምት የሆነው በእኛው በግእዝ ተጠብቆ የኖረ ነው፤ መጽሐፈ ሄኖክ ምዕራፍ 22። ሊቃውንት ይህን ክፍል ከክርስቶስ ልደት በፊት ወደ 3ኛው መቶ ዘመን ይወስዱታል። ሄኖክ ወደ ምዕራብ ተወስዶ በአንድ ታላቅ ተራራ ውስጥ ጥልቅ ጉድጓዶችን ያያል። መልአኩ ሩፋኤል እነዚህ የሙታን ነፍሳት እስከ ፍርድ ቀን የሚጠበቁባቸው ናቸው ይለዋል፤ የጻድቃኑ ብርሃንና የውኃ ምንጭ ያለበት ነው፤ በሕይወት ሳሉ ሳይፈረድባቸው የሞቱ ኃጥኣን ለብቻቸው ናቸው፤ የአቤል ነፍስም እዚያ ሆና ቃየልን ትከስሳለች። የአራማይክ ቁርጥራጮቹ በሙት ባሕር አጠገብ ባሉ በቁምራን ዋሻዎች ተገኝተዋል፤ ሙሉው መጽሐፍ ያለው ግን በግእዝ ብቻ ነው። ረቢዎቹ ሄኖክን ከቅዱሳት መጻሕፍት አላስገቡትም፤ ስለዚህ የሟች ልጆች ይህን መጽሐፍ ጨርሶ ላያውቁት ይችላሉ።

የትንሣኤን እምነት ወደ መሃል ያመጣው ደም ነው። ከክርስቶስ ልደት በፊት ከ167 ጀምሮ ንጉሡ አንጥዮኮስ አራተኛ ግርዘትንና ሰንበትን ሲከለክል፣ ሕጉን የጠበቁት ሕጉን ስለጠበቁ ብቻ ተገደሉ። «ሕጉን ብትጠብቅ ዕድሜህ ይረዝማል» የሚለው የኦሪት ስሌት እዚህ ላይ ተሰበረ። የእግዚአብሔር ፍርድ እውነት ከሆነ ከመቃብር ወዲያ መቀጠል ነበረበት። የዚያ ዘመን ድምፅ ዳንኤል 12፥2 ነው፤ በምድር ትቢያ ካንቀላፉት ብዙዎች ይነቃሉ፣ እኩሌቶቹ ለዘላለም ሕይወት፣ እኩሌቶቹ ለእፍረት።

ይህን ሁሉም አልተቀበለም። የቤተ መቅደሱ ባላባቶች ሰዱቃውያን በሙሴ መጽሐፍ የለም ብለው ካዱ፤ ፈሪሳውያን ያዙት። ማቴዎስ 22 ላይ ሰዱቃውያን የሰባቱን ወንድማማቾች ሚስት ጥያቄ ለጌታችን ያቀረቡት በዚህ ጠብ መሃል ነው። መልሱን ልብ ብለው ይዩት፤ «የአብርሃም አምላክ የይስሐቅ አምላክ» የሚለው የተጠቀሰው ከኦሪት ነው፤ ሰዱቃውያን ከኦሪት ካልሆነ አይቀበሉምና። በታልሙድ ራባን ገማልኤልም ያንኑ መንገድ ይዞ ይከራከራል፤ እግዚአብሔር ምድሪቱን ለአባቶች «ለእነርሱ» ሊሰጥ ማለ ይላል እንጂ «ለእናንተ» አይልም፤ አባቶች ደግሞ ሞተዋል፤ እንግዲያስ ተነሥተው ሊቀበሉ ግድ ነው ይላል። በ70 ዓ.ም. ቤተ መቅደሱ ሲፈርስ ሰዱቃውያን አብረው ጠፉ፤ የዛሬው የአይሁድ እምነት የፈሪሳውያን ልጅ ነው። ሚሽና በሳንሄድሪን 10፥1 እስራኤል ሁሉ በሚመጣው ዓለም ድርሻ አላቸው ካለ በኋላ፣ ድርሻ ከሌላቸው መካከል መጀመሪያ የሚጠራው የሙታን ትንሣኤ በኦሪት የለም የሚለውን ነው። የዘወትር ጸሎታቸው ሁለተኛው በረከትም «ሙታንን ሕያው የምታደርግ» ይላል፤ በቀን ሦስት ጊዜ ይባላል።

ለምን ሥጋ ይነሣል? ነፍስ ብቻዋን አትበቃም? ታልሙድ ለዚህ የሚያመጣው ምሳሌ ይህ ነው። ንጉሥ ለአትክልቱ ሁለት ጠባቂዎች አኖረ፤ አንዱ አንካሳ፣ አንዱ ዕውር። አንካሳው በዕውሩ ትከሻ ላይ ተቀምጦ የመጀመሪያውን በለስ በሉት። ንጉሡ ሲጠይቃቸው አንካሳው «እግር አለኝ?» አለ፤ ዕውሩም «ዓይን አለኝ?» አለ። ንጉሡ አንካሳውን በዕውሩ ላይ አስቀምጦ እንደ አንድ ሰው ፈረደባቸው። ሥጋ «ነፍስ ከወጣች ወዲህ እንደ ድንጋይ ወድቄአለሁ»፣ ነፍስም «ከሥጋ ከተለየሁ ወዲህ እንደ ወፍ እበራለሁ» እንዳይሉ ሁለቱ ተዋሕደው ይፈረድባቸዋል። ተመሳሳይ ምሳሌ የቆጵሮሱ ኤጲፋንዮስ በ4ኛው መቶ ዘመን ለክርስቲያኖች ጽፎታል። ትንሣኤ ላይ ሁለቱ እምነቶች ምን ያህል እንደተቀራረቡ ከዚህ በላይ የሚያሳይ ነገር አላውቅም።

ከዚህ በኋላ ግን መንገዱ ይለያያል፤ የሚለያየውም በራሳቸው በአይሁድ ሊቃውንት መካከል ነው። በእስልምናው ዓለም የኖረው ሐኪምና ፈላስፋ ሙሴ ማይሞኒዴስ፣ አይሁድ ራምባም የሚሉት (1138–1204)፣ ትንሣኤን ከ13ቱ የእምነት መሠረቶች የመጨረሻው አድርጎ አስቀመጠው። ሆኖም የሚመጣው ዓለም ሥጋ የለበትም አለ፤ በዚያ መብል የለም፣ መጠጥ የለም፣ ጻድቃን አክሊላቸውን ደፍተው በመለኮት ብርሃን ይደሰታሉ የሚለውን የታልሙድ ቃል ይዞ። «ታዲያ ትንሣኤን ካደ» ተብሎ ስለተወነጀለ በ1191 መልስ ጻፈ፤ ሙታን ይነሣሉ፣ ረጅም ዘመን ይኖራሉ፣ እንደገና ይሞታሉ፣ ከዚያ ነፍስ ብቻዋን ትኖራለች አለ። ከእርሱ በኋላ የመጣው የስፔኑ ራምባን፣ ናሕማኒዴስ፣ ይህን አልተቀበለም፤ የተነሣው ሥጋ ጠርቶ፣ እንደ ነፍስ ረቆ ለዘላለም ይኖራል አለ። ለእኛ ጆሮ የሚቀርበው የራምባን ነው። ሁለቱም ግን ዛሬ በአንድ ምኩራብ መደርደሪያ ላይ ጎን ለጎን ይቀመጣሉ።

ሦስተኛ ድምፅም አለ፤ ጊልጉል፣ የነፍስ ወደ ሌላ ሥጋ መመለስ። በ10ኛው መቶ ዘመን ሰዓድያ ጋኦን ከንቱ ነገር ብሎ አጣጥሎታል። ከ12ኛው መቶ ዘመን ጀምሮ ግን ቃባላ በሚባለው የአይሁድ የምሥጢር ትምህርት መጻሕፍት እየጎላ ሄዶ፣ በ16ኛው መቶ ዘመን በገሊላ በጽፋት ከተማ በይስሐቅ ሉሪያ ትምህርት መሃል ቦታ ያዘ። ከሂንዱና ከቡድሃ እምነት ጋር አንድ ነው የሚሉ አሉ፤ አይደለም። በዚያ ዓላማው ከመወለድና ከመሞት ዑደት ጨርሶ መውጣት ነው። በጊልጉል ነፍስ የምትመለሰው ያልፈጸመችውን ትእዛዝ ልትፈጽም ነው፣ መጨረሻውም ያው ትንሣኤ ነው። «ከየትኛው ሥጋዋ ጋር ትነሣለች?» የሚለው ጥያቄ ራሳቸውንም አስጨንቋቸዋል።

ልጅቷ ወዳለችው እንመለስ። ሁለት ነገር ልትል ፈልጋ ይሆናል። ወይ የዘላለም ገሃነም የለም ማለቷ ነው፤ ይህ ከላይ ከተጻፈው ጋር ይስማማል። ወይም ሕጉንና እምነቱን ከዘመኑ ጋር ከሚያስማማው ክፍል፣ ከሪፎርም አይሁድ ናት። ሪፎርሞች እ.ኤ.አ. በ1885 በፒትስበርግ ባወጡት መግለጫ የነፍስን አለመሞት ይዘው የሥጋን ትንሣኤ፣ ገሃነምንና ገነትን የዘላለም ቅጣትና ዋጋ ቦታ አድርጎ ማመንን ትተዋል። እ.ኤ.አ. በ2007 በወጣው የጸሎት መጽሐፋቸው «ሙታንን ሕያው የምታደርግ» የሚለው ቃል በምርጫ ተመልሷል። ብዙ አይሁድ ደግሞ ስለዚህ ነገር ጨርሶ የማይጨነቁ፣ ሺቫውን፣ ማለትም የሰባት ቀኑን ለቅሶ፣ እና ቃዲሹን ግን አጥብቀው የሚጠብቁ ናቸው። ይህን እንደ ግብዝነት አይዩባቸው፤ በእነርሱ ዘንድ ግዴታው እምነቱ እስኪጠራ አይጠብቅም።

አሁን ከእኛ ጋር እናስተያየው። በተዋሕዶ ትምህርት ነፍስ ከሥጋ ስትለይ እንደ ሥራዋ ወደ ገነት ወይም ወደ ሲኦል ትሄዳለች፤ በምጽአት ቀን ሥጋ ተነሥቶ የመጨረሻው ፍርድ መንግሥተ ሰማያት ወይም ገሃነመ እሳት ይሆናል። ይህ የመጨረሻው ፍርድ ለዘላለም ነው፤ 12 ወር የሚባል ልክ የለውም። እስከዚያ ድረስ ግን ጸሎተ ፍትሐት፣ ቅዳሴ፣ ምጽዋት ለነፍስ ይጠቅማል። ሰባተኛው ቀን፣ ሠላሳኛው፣ ሙት ዓመቱ በሁለቱም ዘንድ አሉ፤ ሣልስት፣ አርባ፣ ሰማንያ፣ መንፈቅ ግን በአይሁድ ዘንድ እንደ እኛ የጸሎትና የመታሰቢያ ቀን ሆነው የሚቆጠሩ አይደሉም። ትልቁ ልዩነት ማን ያደርሰዋል የሚለው ላይ ነው። እኛ ዘንድ የሚፈታ ካህን ነው፣ ትልቁም ነገር የክርስቶስ ሥጋና ደም የሚቀርብበት ቅዳሴ ነው። በእነርሱ የሚቆመው ልጁ ራሱ ነው።

ነፍስ ወደ ገነት ሳትገባ የምትነጻበት የካቶሊክ መካነ ንጽሕ ከ12 ወሩ ጌሂኖም ጋር በጣም ይመሳሰላል፤ ልዩነቱ ካቶሊኮች ቁጥር አያስቀምጡም፣ ከመካነ ንጽሕ ሌላም የዘላለም ሲኦል አለ ይላሉ። ካቶሊኮች ይሁዳ መቃቢስ 2000 የብር ድራክማ ሰብስቦ ለሙታን መሥዋዕት ላከ የሚለውን የ2ኛ መቃብያን ቃል ይጠቅሳሉ። ይህን በእኛ መጽሐፈ መቃብያን አይፈልጉት፤ የእኛው ሌላ መጽሐፍ ነው። አይሁድም ያንን መጽሐፍ በቅዱሳት መጻሕፍታቸው አልቆጠሩትም። ፕሮቴስታንቶች ለሙታን መጸለይን አይቀበሉም፤ ስለዚህ ቃዲሽ ለእነርሱ ይበልጥ እንግዳ ነው።

በአቀባበር ለአይሁድ ይበልጥ የሚቀርቡት ሙስሊሞች ናቸው። ሁለቱም በፍጥነት ይቀብራሉ፣ አስከሬን ማቃጠልን ይከለክላሉ፣ ያጥባሉ፣ በነጭ ጨርቅ ይከፍናሉ። አይሁድ ካጠቡ በኋላ ወደ 23 ሊትር የሚሆን ውኃ ሳይቋረጥ ያፈስሳሉ፤ አንዱ ባልዲ ሳያልቅ ሁለተኛው መጀመር አለበት፣ ከተቋረጠ እንደገና ነው። ከፈኑ ኪስ የለውም፤ ሀብታምና ድሃ በአንድ ዓይነት ጨርቅ ይቀበር የተባለው ድሆች በቀብር ወጪ እንዳይዋረዱ ነው። በእስልምና ሟች ከሞት እስከ ትንሣኤ በበርዘኽ ይቆያል፣ ሙንከርና ነኪር የተባሉ መላእክት በመቃብር ይጠይቁታል። በመካከለኛው ዘመን የአይሁድ ጽሑፎችም በመቃብር ውስጥ ስለሚደርስ ቅጣት ይነገራል። ቃዲሽን ለሙስሊም ጎረቤትዎ ማስረዳት ቢፈልጉ ደግሞ ሐዲሱን ያስታውሱት፤ ሰው ሲሞት ሥራው ይቋረጣል፣ ሦስት ነገር ሲቀር፤ የማያቋርጥ ምጽዋት፣ የሚጠቅም ዕውቀት፣ የሚጸልይለት መልካም ልጅ። የወንድሟ ነገር ሦስተኛው ነው።

ያገራችንን ቤተ እስራኤል ካላነሣን መልሱ ይጎድላል። እነርሱ ሚሽናና ታልሙድ አልደረሳቸውም፤ ስለዚህ ቃዲሽም 11 ወርም አልነበራቸውም። የነበራቸው ተዝካር ነው፤ ቄሱ በግእዝ ይጸልያል፣ ቤተሰቡም ደግሶ ያበላል። ሬሳ የነካ ሰው በዘኁልቍ 19 መሠረት ሰባት ቀን ከመንደሩ ተለይቶ ይቆይ ነበር። መጽሐፋቸው ትእዛዘ ሰንበት፣ ሰንበትን በእግዚአብሔር ፊት ቆማ ለነፍሳት የምታማልድ አድርጎ ያቀርባታል። ታልሙድም በጌሂኖም ያሉ በሰንበት ያርፋሉ ይላል። ታልሙድን ያላወቁ ሰዎች እንዲህ ተቀራራቢ ነገር ይዘው መኖራቸው ለእኔ የዚህ ርዕስ እጅግ ውብ ክፍል ነው። ዛሬ እስራኤል ባሉ ቤተሰቦች ዘንድ ሺቫው፣ ቃዲሹና ተዝካሩ አብረው ይሄዳሉ።

ሳይጠይቁኝ በልብዎ ያለ የሚመስለኝን ልጨምር። በእነርሱ እምነት እርስዎ ከሚመጣው ዓለም ድርሻ አለዎት? አይሁዳዊ ያልሆነ ሰው ለመዳን አይሁዳዊ መሆን አይጠበቅበትም፤ በዚህ ከክርስትናም ከእስልምናም ይለያሉ። የአሕዛብ ጻድቃን ድርሻ አላቸው፤ የሚጠበቅባቸው ሰባቱ የኖኅ ልጆች ትእዛዛት ናቸው፦ ጣዖት አለማምለክ፣ አምላክን አለመስደብ፣ አለመግደል፣ ከዝሙት መራቅ፣ አለመስረቅ፣ በሕይወት ካለ እንስሳ የተቆረጠ ሥጋ አለመብላት፣ ፍርድ ቤት ማቆም። እውነቱን ለመናገር በሥላሴ እምነት ላይ አልተስማሙም። ራምባም ክርስትናን ከጣዖት አምልኮ ቆጥሮታል፣ እስልምናን ግን አልቆጠረም፤ የፕሮቨንሱ መናሔም ሐሜይሪ በሃይማኖት ሥርዓት የሚኖሩ ክርስቲያኖችን ከጣዖት አምላኪዎች አውጥቷቸዋል። ዛሬ በአሜሪካ የሚያገኙዋቸው አብዛኞቹ አይሁድ ወደ ሁለተኛው ያደላሉ።

ለቅሶውን በተመለከተ። ሺቫ ሰባት ቀን ቢባልም የቀብሩ ዕለት አንድ ተብሎ ይቆጠራል፣ ሰባተኛው ቀን ደግሞ ጠዋት ጥቂት ተቀምጠው ይነሣሉ። ማክሰኞ ከተቀበሩ ሰኞ ጠዋት አብቅቷል፤ ሰኞ ከሰዓት ቢሄዱ ለቅሶ የተቀመጠ አያገኙም። ዓርብ ፀሐይ ከመጥለቋ በፊት እስከ ቅዳሜ ማታ አይሂዱ፣ በሰንበት ለቅሶ በግልጽ አይያዝም። በመሃል ትልቅ በዓል ከገባ ሺቫው እዚያው ይቆማል። አንዳንድ ቤተሰብ ሦስት ቀን ብቻ ይቀመጣል፣ የመቀበያ ሰዓትም ይወስናል፤ አስቀድመው ይጠይቁ።

በሩ ክፍት ከሆነ ሳያንኳኩ ይግቡ። ኀዘንተኞቹ ዝቅ ያለ ወንበር ላይ ይቀመጣሉ፣ የቆዳ ጫማ አያደርጉም፣ መስተዋቱ ተሸፍኖ ሊያዩ ይችላሉ። ሰላምታ አይስጡ፤ ኀዘንተኛው እስኪናገር ዝም ብለው ይቀመጡ፣ የኢዮብ ወዳጆች ሰባት ቀን ዝም ብለው እንደተቀመጡ። እኛ እንደምናደርገው ደረት መምታትና ማስለቀስ ያስደነግጣቸዋል። አበባ አይውሰዱ። ምግብ ከሆነ በአይሁድ የምግብ ሕግ የተፈቀደ መሆኑን የሚያሳይ የኮሸር ምልክት ያለበት፣ ያልተከፈተ ይሁን፤ ከቤትዎ የሠሩትን ዶሮ ወጥ ኮሸር የሚጠብቅ ቤት መብላት አይችልም፣ መመለሱም ያሳፍራቸዋል። ከቀብር መልስ የሚበሉት የመጀመሪያ ምግብ ጎረቤት የሚያመጣው ክብ ዳቦ፣ እንቁላልና ምስር ነው፤ ያ ትናንት አልፏል።

ሲነሡ የሚባለው «እግዚአብሔር ከጽዮንና ከኢየሩሳሌም ኀዘንተኞች ጋር ያጽናናችሁ» ነው፤ በእንግሊዝኛ ቢሉትም በቂ ነው። «ነፍስ ይማር» ማለትም ነውር የለበትም፤ እነርሱም «ምሕረት የሞላህ አምላክ» ብሎ የሚጀምር፣ ለሟች ዕረፍት የሚለምን ጸሎት አላቸው። «ወደ ተሻለ ቦታ ሄደዋል» ብለው ማጽናናት ግን ይቅርብዎ፤ ምን እንደሚያምኑ አያውቁምና። ስለ እናትየው የሚያውቁትን ይንገሯቸው፤ በመጨረሻው ሰሞን አጠገባቸው የነበሩት እርስዎ ነዎት፣ ከማንም በላይ የሚፈልጉትም ይህንን ነው።

ሙት ዓመቱን ማስታወስ ከፈለጉ በአውሮፓውያን ቀን አይቁጠሩ። የሚታሰበው በዕብራይስጡ ቀን ነው፣ ስለዚህ በየዓመቱ ይንሸራተታል፤ በየ19 ዓመቱ ሰባት ጊዜ 13 ወር ያለው ዓመት ስላለ አንዳንዴ ልዩነቱ ሳምንታት ይሆናል። ዕለቱ የሚገባው በዋዜማው ፀሐይ ስትጠልቅ ነው፤ ሰውየው ወይም ሴትየዋ ከመሸ በኋላ ያረፉ እንደሆነ የሚቆጠረው የማግስቱ ቀን ነው። ያን ማታ ቤት ውስጥ 24 ሰዓት የሚነድ ሻማ ይበራል። የዕብራይስጡን ቀን ልጅቷን ጠይቀው ይጻፉት፤ መቃብራቸው ጋ ከሄዱም በድንጋዩ ላይ ትንሽ ጠጠር ያኑሩ።